በነቢያት ጾም የበላሁት ጉበት

ኮሶ መጠጣት ተዉ ልላችሁ አይደለም የተነሳሁት። አትተዉም። ጥሬ ሥጋ እስካለ ትል አለ፣ ትል እስካለ ኮሶ አለ፤ በዚህ አገር ከዚህ የጸና ሥርዓት አላየሁም። የምጽፈው አንዱ ዋንጫ አልሠራለት ሲል ሁለተኛውን አጠንክሮ ለሚጨልጥ ሰው ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ቀኝ ዓይኔን አጥቻለሁ። ግራው እንዴት እንደተረፈ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ገብቶኛል ብዬም አልጽፍም።

ነገሩ ሲጀምር ቡታጅራ አስተምር ነበር። ተወላጅነቴ ቡልጋ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ ጉራጌ አገር ሲልከኝ የተቀጣሁ መስሎኝ አኩርፌ መጣሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያው መስቀል ደረሰና ኩርፊያዬን ረሳሁት። ለመስቀል የማይጠራኝ የተማሪ ወላጅ አልነበረም፣ እኔም እምቢ ያልኩት ቤት አልነበረም። ባለቤቴ አስካለ፣ “አንተ በመስቀል ሰሞን ባል አይደለህም፣ እንግዳ ነህ” ትለኝ ነበር። የዚያን ዓመትም ከአንዱ ክትፎ ወደ ሌላው ስል ከረምኩ። ኅዳር ሲገባ ትሉ መኖሩን አስታወቀኝ።

በቤታችን ልማድ ኮሶ የሚጠጣው የነቢያት ጾም ሳይገባ ነበር። አስካለ ሆዷን አጽድታ ጾሙን መቀበል ደስ ይላታል። እኔ ደግሞ ይህን ጾም የቄሶች ነው ብለው ከሚበሉት ወገን ነበርኩ፤ መብላት ብቻም አይደለም፣ እከራከርበትም ነበር። ነቢያቱ “ውረድ፣ ተወለድ” ብለው የጾሙት ከመወለዱ በፊት ነው፤ እኛ ከተወለደ በኋላ የምንጾመው ምን ቀርቶብን ነው? እላለሁ። የመምህራን ክፍሉ ይስቃል። አስካለ አትስቅም።

የመጀመሪያው ዋንጫ አስታወከኝ እንጂ ምንም አላስወጣም። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ “ድገሚልኝ፣ አጠንክሪው” አልኳት።

“ተው፣ ቢያንስ ወር ይለፈው። ፊትህ ገና አልተመለሰም።”

“ንጹሕ ሆነህ ጾም ግባ የምትይው አንቺ ነሽ።”

“አንተ ደግሞ መቼ ትጾማለህና ነው?” አለች። ግን ወቀጠችው። ከበፊቱ እጥፍ ነበር። አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ዋልኩ፣ ማታ ላይ ትሉ ከነራሱ ወጣ። ዘመድ ከሩቅ የመጣ ይመስል ተደሰትን።

በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ እየጻፍኩ ሳለ ተማሪዎቹ ሳቁ። ዘወር አልኩ፤ ፊታቸው ጭስ የገባበት ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ነበር። ለካ የጻፍኩትን ሳላይ በላዩ ላይ ደግሜ እየጻፍኩ ኖሯል። ጠመኔ ነው ብዬ ዓይኔን ታጠብኩ። በነጋታው መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው በድምፁ ካልሆነ አላወቅኩትም።

ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ የነበረው ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ ከተማው ሁሉ ግን ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ባትሪ አብርቶ አየኝ።

“መምህር፣ መጽሐፍ ያበዛሉ አሉ።”

“ያገኘሁትን አነባለሁ።”

“ይኸው ነዋ!” አለ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው። “የዓይን ጅማት በንባብ ይደክማል። ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?”

“የለም” አልኩ።

አልዋሸሁም። ኮሶን ከመድኃኒት የሚቆጥር ማን አለ? ጠጉር መቆረጥን ሕክምና የሚል አለ? አባቴ በየሁለት ወሩ ጠጥቷል፣ አያቴም ጠጥቷል፤ የሆነብኝ ነገር አዲስ ስለነበር ምክንያቱንም ከአዲስ ነገር ውስጥ ነበር የምፈልገው። ድሬሰሩ የዓይን ቅባት ሰጠኝና ንባብ ከለከለኝ። በጭጋግ አይ የነበረውን ከዚያ ወዲያ በቅባት ውስጥ አየሁት።

ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ሐኪም ለጉብኝት መጣ ተባለ። ጠዋት ሄደን ከሰዓት በኋላ ተራ ደረሰን። ያን ያህል ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሰው ሳል መስማት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማያይ ሰው ደግሞ ተራው በማን እንደተነጠቀ እንኳን አያውቅም። ገባን። ሐኪሙ አስካለን፣ “እትዬ፣ እስቲ ለአፍታ ውጭ ይጠብቁ” አላት። በሩ ሲዘጋ ስለ ወጣትነቴ ጠየቀኝ። የትኛው ወንድ ስለ ወጣትነቱ ተጠይቆ መልሱ ንጹሕ ይሆናል? ደም ሳይመረምር፣ “ቂጥኝ ሲቆይ ወደ ዓይን ይወጣል” ብሎ ተከታታይ መርፌ አዘዘልኝ።

ያ መርፌ ለምን እንደሚወጋ በከተማው የማያውቅ የለም። አስካለ መኝታዋን ወደ ሌላው ክፍል ወሰደች። ምግቤን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ ውሃው ሲያልቅ ትሄዳለች። ብትጠይቀኝ እምል ነበር። አልጠየቀችኝም። ለሐኪምና ለመርፌ ሬዲዮናችንን ሸጥን፤ ጋዜጣ የማያነብ ሰው ወሬ የሚሰማበትም አጣ።

ጨለማው እየከበደ መጣ። ቀንና ሌሊትን የምለየው በጆሮዬ ሆነ፤ ጅቡ፣ አዛኑ፣ ደወሉ፣ ከዚያ የጭነት መኪኖች ሞተር። ሌሊቱን የምፈራው ስለማላይ አልነበረም፤ ሌሊት ሌላውም ሰው አያይም። የምፈራው ንጋትን ነበር። በየጠዋቱ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት እንደ ሕፃን እለምን ነበር፣ ከዚያ እገልጠዋለሁ፣ ከዚያ ያው ነው።

ጠያቂው በዛ። የፖስታ ቤቱ ሹም ኢዮብን ይዞ መጣ። ሌላውም ኢዮብን ይዞ መጣ፤ ያ ምስኪን ሰው በዚያ ሰሞን በእኔ ቤት የተመላለሰውን ያህል በሀብታምነቱ ዘመን ገበያ አልወጣም። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ለየት ብሎ ጦቢትን አመጣ፤ “ዓይኑ በዓሣ ሐሞት ነው የበራለት፣ ከዝዋይ ዓሣ ላስመጣልህ?” አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እየቀለደ አልነበረም።

እኔም የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ መጾም ጀመርኩ። በቀልዴ ያዋረድኩትን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ጀመር። ሃይማኖት አልነበረም። ባለጉዳይ የዳኛ ደጅ የሚጠናው ዓይነት ነበር፤ ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ቁርሴን ሰጠሁ።

ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች መካከለኛው ብርሃን ይባላል፤ ነቢያት በጨለማ ሆነው ብርሃን እንዲላክላቸው የለመኑት የሚታሰብበት ነው። አስካለ ክንዴን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወሰደችኝ፤ እጄን እንዳትይዝ ነው። ዲያቆኑ ስለ ብርሃን ያነባል፣ ካህኑ ስለ ብርሃን ይሰብካል፣ እኔ ዓምድ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቀኑን እንደዚህ ብሎ የሰየመው ሰው እኔን አይቶ ያላገጠ መሰለኝ። ሕዝቡ ሲወጣ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ መጡ።

“መምህር፣ ዛሬስ እንኳን መጡ።”

“አባ፣ ነቢያቱ ስንት ዘመን ጠበቁ?”

“አምስት ሺህ አምስት መቶ ይባላል።”

“ከእነሱ ስንቱ አየ?”

ኢዮብን ሊያመጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

“ሲወለድ በሕይወት የነበረ የለም” አሉ። “የጠየቁት ሁሉ ሳያዩ ነው የሞቱት።”

“ታዲያ ምን ተጠቀሙ?”

“እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔ የማውቀው የተወለደው ለእነሱም መሆኑን ነው። ሳያዩ ስለሞቱ አልቀረባቸውም።” ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሄዱ።

አልተጽናናሁም፤ ተናደድኩ። ያ ንዴት ግን በዚያ ወር ከተነገረኝ ማጽናኛ ሁሉ ይልቅ ከእኔ ጋር ቆየ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኸድር መጣ። ኸድር የመስቃን ሰው ነው፣ በርበሬ ነጋዴ፤ አጥራችን አንድ ነው።

“ያ መምህር፣ ወልቂጤ አጠገብ ሚሲዮኖቹ ክሊኒክ የዓይን ሐኪም መጥቷል አሉ። ፈረንጅ ነው። ለጥቂት ቀን ነው የሚቆየው። እኔ ነገ በርበሬ ይዤ እወጣለሁ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ወልቂጤ የማወርደው አለኝ። ሁለት ሰው ቢጨመር በርበሬው አይከፋውም።”

“ምን ሊለኝ ነው? ማንበብ ተው ይለኛል” አልኩ።

“ቢልህስ? አሁን እያነበብክ ነው እንዴ?” አለኝ። አንዳንዴ ‘እርስዎ’ ማለቱን ረስቶ ‘አንተ’ ይለኛል፤ ደስ ይለኛል።

በተራራው በኩል ወፍ ሆነው ቢሄዱ ቅርብ ነው። በመኪና ግን ቡታጅራን ትቶ ዓለም ገና መውጣት፣ ከዚያ በጅማ መንገድ እንደገና መውረድ ነው። አስካለ ከኸድር አጠገብ ተቀመጠች፣ እኔ ከዳር። በርበሬው ሦስታችንንም አስለቀሰን። ዓይኔ ማየት ቢረሳም ማልቀስ አለመርሳቱን የዚያን ቀን አወቅሁ።

ክሊኒኩ ደጅ ያለው አግዳሚ ሞልቷል። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤ ልጇ እየመራቻት ከአገና በኩል መምጣቷን ቆይታ ነገረችኝ። አማርኛዋን የተማረችው ከገበያ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች።

“አንተ ምን ሆነህ ነው?”

“ዓይኔን።”

“እሱንማ ሁላችንም። ምን አገኘህ ነው የምልህ።”

“አላውቅም።”

“ሥራህ ምንድን ነው?”

“አስተማሪ ነኝ።”

“አስተማሪ ሆኖ አያውቅም!” ብላ ለአግዳሚው ሁሉ አሰማች። ሰው ሳቀ። “እኔ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ናት። ኮሶ ጠጥቼ ተኝቼ ሳለ ገብታ አየችኝ። ዓይኗ ክፉ ነው። በሁለተኛው ቀን ጨለመብኝ።”

“ኮሶ ስትጠጪ?”

“ፊተኛው አልወጣልኝም፣ ደገምኩት። አበዛሁት። ደክሜ እንደ ጨርቅ ተጥዬ ሳለ ነው የገባችው። ደኅና ብሆን በሩን ዘግቼባት ነበር።”

ሴትየዋ ስለ ጎረቤቷ ብዙ ተናገረች። እኔ የሰማሁት እስከ ‘ደገምኩት’ ድረስ ነው። እሷ ከአገና ናት፣ እኔ ከቡታጅራ፤ የእሷን ጎረቤት አላውቃትም፣ እሷ መጽሐፍ አታነብም፣ የእኔንም ወጣትነት አላየችም። ሁለታችን የምንጋራው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

አስካለ ከጎኔ ነበረች። እጄን ያዘችኝ፣ በነጠላ ሳይሆን በእጇ። ከዚያ መልሳ ለቀቀችው፤ መጀመሪያ ባሏን ነፃ አወጣች፣ ወዲያው ሁለተኛውን ዋንጫ የወቀጠው ማን እንደሆነ ትዝ አላት።

ገብቼ ለሐኪሙ ኮሶ መድገሜን ሳልጠየቅ ነገርኩት። አስተርጓሚዋ የክሊኒኩ አስታማሚ ነበረች፤ ኮሶ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ አልተረጎመችውም፣ ሐኪሙም አላስተረጎማትም። ያውቀዋል። ከበዛ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ጅማት የሚመርዝ መሆኑን፣ መርፌ እንደማይመልሰው፣ ከተመለሰም ቀስ ብሎ በራሱ እንደሚመለስ ነገረኝ። “ሁለተኛ እንዳትነካው። አሁን ሰውነትህ ባዶ ነው፤ ጉበት፣ ወተት፣ እንቁላል ብላ። ዛሬውኑ ጀምር” አለ። ይመለሳል ወይ? አልኩት። “ከአንዳንዱ ይመለሳል” አለ። ለሴትየዋም ልክ ይህንኑ ነገራት፤ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ስንመለስ ኸድር ሁሉንም ሰማና ዝም ማለት አልቻለም።

“እኛ ዘንድ በረመዳን የታመመ ይበላል፣ ሲድን ቀኑን ይከፍላል። የእናንተ ነቢያት ዱቤ አይሰጡም?”

“ለበሽተኛማ እኛም አናስገድድም” አለች አስካለ። “ማን ይሰማል?”

እውነቷን ነው፤ እኔ አልሰማሁም። ቤት ደርሰን ጉበት ጠበሰች። እኔ ጾሙን የምሽረው ውጭ ነበርና፣ በጾም ቀን ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ቤት ሽታው ሞላው። አቀረበችልኝ። ገፋሁት።

“ጾም ነው።”

“አንተ ነህ ጾም ነው የምትለኝ?”

“ገና እስኪደርስ። ሁለት ሳምንት አይሞላም። ጀምሬ አላቋርጥም።”

“አባን ጠይቄ መጣሁ። ይብላ አሉ።”

“አባ ዓይናቸው አልጠፋም” አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ደጅ ስጠና ቆይቼ ተራዬ ሊደርስ ሲል ወንበሬን የምለቅ መሰለኝ። አንድ ቁራሽ ብበላ ተስፋዬ ሁሉ የሚሰረዝ መሰለኝ።

አስካለ ተቀመጠች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

“አንተ እግዚአብሔርን እየለመንከው አይደለም። እያስገደድከው ነው። ተርበህ ልታሳፍረው ነው የምትፈልገው።”

ሳህኑን እንደገና ገፋሁት።

“ያንን ዋንጫ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሴት አመጣኸው ብዬም ጠረጠርኩህ። እኔም ሌላ ጾም ልጨምር፣ ልሰግድ፣ ስለዚህ ነገር ራሴን ልቀጣ አስቤ ነበር። ሁለታችንም ተርበን ብንሞት ማን ይጠቀማል?”

ከዚያ የሳህኑን ድምፅ ሰማሁ። የምታነሳው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስታኝክ ሰማሁ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህን ጾም በፈቃዷ ፈትታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አራስ ሆና እንኳን እናቷ በግድ ነው ያበሏት። ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠችው።

“ይኸው በላሁ” አለች። “አሁን ብቻህን ጻድቅ ሁን።”

እንጀራውን ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። አፌን ከፈትኩ።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ተስፋ ስለሚባለው ነገር የጻፉትንም አንብቤያለሁ፣ አብዛኞቹ ጠግበው የጻፉት ነው። ያን ዕለት በተቃጠለ ጉበት አፌ ተሞልቶ የገባኝ ይህ ነው። በገና የምንጠብቀው ልጅ ከላይ ሆኖ እኛ እንድንደርስበት አልጠበቀም፤ እኛ ወዳለንበት ጭቃ ወረደ፣ ንጽሕናውም አልገደደውም። አስካለ ይህን ቃል በቃል አልተናገረችም፣ ብነግራትም አልፈልግም ትላለች። እሷ ያደረገችው ወደ እኔ መውረድ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ጸሎት ያልኩት ሁሉ ውል ነበር።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ የሚለው አንባቢ አለ። አላቆመውም። ጉበቱን በላሁ፣ ገናም ደረሰ፣ ምንም አላየሁም። ለጥምቀት ሰሞን በግራ ዓይኔ የመስኮቱን አራት ማዕዘን ለየሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የአስካለን ፊት አየሁ፤ ከስቶ ነበር። ዛሬ በግራዬ ትልቅ ፊደል አነባለሁ፣ ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በእሱ ነው። ቀኙ አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ኸድር ከወልቂጤ ሲመለስ የአገናዋን ሴት ወሬ አመጣልኝ። የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። ልጆቿ ላም አለቻቸው፤ ወተት አልጎደለባትም፣ እንቁላልም አልጎደለባትም። ኮሶም አልነካችም። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደጠፉ ናቸው። “ደኅና ነች፣ ትስቃለች፣ ስለዚያች ጎረቤቷም ታወራለች” አለኝ ኸድር። ከዚያ፣ “አላህ ያውቃል” ብሎ ጨመረ፤ እኔ ልጠይቀው ያሰብኩትን አስቀድሞ አውቆ ነው።

ስለዚህ እኔ ስለዳንኩ እግዚአብሔር ቸር ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ስለ እሷ እጠይቀዋለሁ። መልስ ያለው እስካሁን አልመጣም። ቸር አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ቸርነቱ በእኔ ግራ ዓይን የሚለካ ከሆነ በእሷ ሁለት ዓይኖችም ይለካል ማለቴ ነው። እሱን የማመልክበት መለኪያ ሌላ መሆን አለበት። አባ ወልዴ ሳያዩ ሞቱ ያሏቸው ሰዎች እሷን ይመስሉኛል፤ እኔ እዚያ ለመድረስ ገና ነኝ።

የምመክራችሁ አጭር ነው። ኮሶ ካልሠራላችሁ አትድገሙት። ጠጥታችሁ ዓይናችሁ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ባይጠይቃችሁም ኮሶ ጠጥቻለሁ በሉት። ታማችሁ ሳለ በጾም ብሉ ካሏችሁ ብሉ፤ የማትበሉ ከሆነ ግን አብራችሁ የምትኖረው ሴት ምን እንደምታደርግ እኔ አላውቅም። በመምህራን ክፍል ይህን ስናገር አንዱ ባልደረባዬ፣ “እኔ ሃያ ዓመት ጠጥቼ ምን ሆንኩ?” አለኝ። ሁልጊዜ አንድ እንዲህ የሚል አለ። ያኔ እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ የብርሃን እሑድ ከአስካለ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስለ ብርሃን ሲነበብ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩና ቀኙን ወደ መቅደሱ በር ገለጥኩት። ጨለማ ነበር። ጭላንጭል እንኳን አልነበረበትም። አስካለ አይታኝ፣ “ምንም የለም?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ምንም” አልኳት።

አሁን የሚያየኝ ሐኪም የቀኙ መመለስ ከዚህ በኋላ አይጠበቅም ብሎኛል፤ አምነዋለሁ። መዳፌን ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ አላነሳሁም።